በአሮጌው ሐዲድ ላይ በእግር
(በኢዮቤልዩ በዓላችን ዕለት ጅቡቲ ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ዓርብ የእግር ጉዟችን ጥቂት እንድንናገር ጠይቀውናል። እኛ የሱቅ ሰዎች ነን፤ ስለ ወፍ በትምህርት ቤት የተማርነው የለም። ያየነውን እንናገራለን።

እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን ወይም ወላጆቻችን ጅቡቲ የገባነው በምድር ባቡር ነው። ሥራው ከዚህ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ሽንኩርቱም፣ ደብዳቤውም፣ ዘመዱም በእሱ ይመጣ ነበር። እያረጀ ሄዶ ቆመ። በ2018 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መደበኛ ሥራ ሲጀምር አሮጌው መስመር ተረሳ።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን መስመር አይጥሉትም። አሜሪካ ውስጥ ከ40 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አሮጌ የባቡር መስመር የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ስፔንም ከ1993 ጀምራ ይህንኑ ታደርጋለች። ምክንያቱ ቀላል ነው። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም፤ ስለዚህ መንገዱ ሲሠራ ዳገቱ ተቆርጦ፣ ገደሉ ተሞልቶ፣ ቀስ እያለ እንዲወጣ ተደርጓል። ሽማግሌም ሕፃንም ይሄድበታል። የእኛን ማንም በይፋ አልለወጠውም፤ የለወጡት እረኞችና ፍየሎች ናቸው።

የመጀመሪያ ጉዟችን ወደ ሆልሆል ነበር፤ አላማረልንም። ረፍዶ ወጣን፣ ውኃ አሳነስን፣ በአራት ሰዓት ፀሐይ ፈጀን። አንዲት ፍየል ጠባቂ እናት ከጀሪካናቸው ባያጠጡን ልጆቹ ይጎዱብን ነበር። ሌላም ጥፋት አለብን። ለማስታወሻ ብለን ከሐዲዱ የወላለቀ ብሎን እየለቀምን ኪሳችን ከተትን። አብረውን የነበሩ የምድር ባቡር ጡረተኛ አባታችን አዩንና ቆሙ። «እያንዳንዱ እንደናንተ አንድ አንድ ቢይዝ ምን ይቀራል?» አሉ። አፍረን ወደ ቦታው መለስን።

እኚሁ አባት ጣቢያዎቹን በቃላቸው ይቆጥራሉ። ስለ ወፎቹ ስንጠይቃቸው ግን ሳቁ፤ «በእኛ ጊዜ ወፍ አላየንም፤ ባቡሩ እየጮኸ ያባርራቸው ነበር» አሉ። አሁን ጸጥታ ነው። ዋኖሱ፣ የጋማ ወፍ የመሰለችው ጉትያም፣ ቁራው፣ ከሩቅ የመጣው ንስር ሁሉ ይታያል። በከተማችን ቆሻሻ መጣያ የሚያንዣብበውን፣ ፊቱ ቢጫ የሆነውን ነጭ ጥንብ አንሳም እዚያ አገኘነው። ስንት ጊዜ ድንጋይ ወርውረንበታል! ይህ አሞራ በዓለም ላይ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው መካከል መሆኑን የነገሩን ልጆቻችን ናቸው።

ንስሮቹና ጭላቶቹ በጥቅምትና በኅዳር ከየመን በባብ ኤል መንደብ ይሻገራሉ። ከባሕር ላይ የሚያነሣቸው የሞቀ አየር ስለማይገኝ፣ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነውን ጠባቡን ቦታ ይመርጣሉ። በ1987 አጥኚዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ240 ሺህ በላይ ቆጥረዋል። ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩት፣ ብዙዎቹም የቀሩት፣ በዚያው ባሕር ነው። ንስር ባየን ቁጥር እነሱን ማሰባችን አልቀረም።

ከሁሉ የበለጠ ያተረፍነው ግን አንድ ደብተር ነው። ልጆቻችን ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ አማርኛው ከቤት ደጃፍ አያልፍም፤ ከሽማግሌዎቻችን ጋር «ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ» ብለው ያበቃሉ። አንድ ዓርብ አንዲት ልጅ «ኮርቦ!» አለች። ጡረተኛው «ቁራ ነው፣ ልጄ» አሉ። እረኛው በሱማልኛ «ቱኬ» አለ። ልጅቷ ሦስቱንም ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አዛውንቶቻችን የረሱትን ስም ለማስታወስ ሲከራከሩ፣ ልጆቹ ሲያዳምጡ ይውላሉ። ቤት ውስጥ ያጣነውን ወሬ ሐዲዱ ላይ አገኘነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ ማኅበራችን የሚመለከታቸውን የአገሩን ባለ ሥልጣናት ቀርቦ፣ ቢያንስ ጥቂት ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ሆኖ እንዲጠበቅ በትሕትና ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ እናንተ ኑ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ቀዝቃዛ ወቅት፣ ዓርብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከአዳራሻችን ደጃፍ እንነሣለን። ለየሰው ሦስት ሊትር ውኃ ይያዝ፤ ወደ አዲሱ ሐዲድ አይጠጉ፤ የመንደሩን ሽማግሌዎች ሳያስፈቅዱ አይለፉ፤ ፌስታል አይጣል፤ ብሎንም አይነሣ።

ጡረተኛው አባታችን ጉልበታቸው ደክሟል። እሳቸው የሚያውቁትን ስም ሁሉ ደብተሩ ሳይዝ ጊዜው እንዳይቀድመን።

ፈጣሪ ኮሚኒቲያችንንና ያስጠጋንን አገር ይባርክ።