የበግ መኖና አያያዝ፤ ዕድገቱንና ትርፉን የሚወስኑ ነገሮች
(በዓባይ ማዶ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ከባሕር ማዶ ያሉ ደጋፊዎቻችን አንዳንድ ጊዜ «አሳማ ቶሎ ያድጋል፤ ብዙም ይወልዳል። ለምን እናንተ ዘንድ አይረባም?» ሲሉ ይጠይቁናል። ስለ አሳማው የሚሉት እውነት ነው፤ በቢሾፍቱ አካባቢም የሚያረቡት አሉ። ነገር ግን በጣና ዳር ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጎረቤታችን አሳማ አይበላም። ገዢ የሌለው እንስሳ ለድኻ ሀብት አይሆነውም፤ ጎረቤት የሚጸየፈውን በደጁ ማሰርም ፍቅርን አያንጽም። ደግሞም አሳማ እንደ እኛው እህል ይሻል። በግ ግን ሆዱ አራት ክፍል ስላለው ሣሩንና ገለባውን ሥጋ ያደርገዋል። ስለዚህ ንግግራችን ስለ በግ ይሆናል።

የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ዋሸራ በግ አካሉ ትልቅ፣ ጠጉሩ አጭር የሆነ መልካም ዘር ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው፣ በ1964 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልም ይህን ዘር ሲያጠናና ሲያሻሽል ቆይቷል። ዘሩ መልካም ሆኖ ሳለ በጉ የማይደልበው ስለ ምንድን ነው? መልሱን ከመኖውና ከአያያዙ እናገኘዋለን።

በመጀመሪያ መኖውን እንመልከት። በበግ ሆድ ውስጥ ገለባውን የሚያብላሉ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። እነርሱ ሥራቸውን በደንብ እንዲሠሩ በመኖው ውስጥ ከ100 እጅ ቢያንስ 7 እጅ ያህል ፕሮቲን ያሻል። የጤፍ ገለባ ግን 4 ወይም 5 እጅ ቢኖረው ነው፤ የፎገራ ሩዝ ገለባም ከዚህ እምብዛም አይሻልም። ስለዚህ ገለባ ብቻ የሚበላ በግ ሆዱ ሞልቶ ሳለ ይራባል። የኑግ ፋጉሎ 30 እጅ ያህል፣ የስንዴ ፉርሽካ 15 እጅ ገደማ ፕሮቲን አላቸው። ከደረቅ ሣር ወይም ከገለባ ሌላ፣ ሁለት እጅ ፉርሽካና አንድ እጅ ፋጉሎ ተቀላቅሎ ለአንድ በግ በቀን 300 ግራም ቢሰጥ ለውጡ በዓይን ይታያል። ጨውና ንጹሕ ውሃም አይጓደሉበት።

ጣናን የወረረውን እምቦጭ ለመኖ የሚያጭዱም አሉ። እምቦጭ ከ100 እጅ ከ90 በላዩ ውሃ ነው። ስለሆነም ጠውልጎ ከሌላ መኖ ጋር ቢቀላቀል እንጂ ብቻውን አያደልብም። የጠላ አተላም ጥሩ መኖ ነው፤ ሆኖም ሳይቆይና ሳይሻግት፣ ከገለባ ጋር ይሰጥ። እህልና ፉርሽካ ያልለመደ በግ በአንድ ቀን አብዝቶ ከበላ ሆዱ ይነፋና ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከጥቂት ጀምረን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እናለማምደው።

ሁለተኛው አያያዙ ነው። ከገበያ የመጣ በግ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ በዚያው ጊዜ የትል መድኃኒት ይሰጠው። የደስታ መሰል በሽታን ክትባት ያላገኘ ከሆነም ይከተብ። የጣና ዳር ረግረግ ሣር ለምለም ነው፤ ነገር ግን በዚያ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ የጉበት ትልን ያሳድጋል። ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በሣሩ ላይ ይጣበቃል፤ በጉም አብሮ ይውጠዋል። ትሉ የገባበት በግ ይከሳል፤ የዓይኑ ቆብ ውስጡ ይገረጣል፤ ከመንጋጋው በታችም ያብጣል። ለእንዲህ ያለ በግ ፋጉሎ መግዛት ትልን መቀለብ ነው። የሚደልብ በግ ከረግረግ ይራቅ፤ ማደሪያው ደረቅና ነፋስ የሚያገኝ ይሁን።

ሦስተኛው ሒሳቡ ነው። በቀን 300 ግራም ለ90 ቀን 27 ኪሎ መኖ ይሆናል። በጉ በቀን 70 ግራም ቢጨምር በ90 ቀን 6 ኪሎ ከ300 ግራም ያገኛል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ክብደት ለመጨመር ከ4 ኪሎ የሚበልጥ የተገዛ መኖ ወጥቷል ማለት ነው። የ4 ኪሎ መኖ ዋጋ ከአንድ ኪሎ በግ ዋጋ ከበለጠ፣ ትርፉ ከግዢና ከሽያጩ ልዩነት ካልመጣ በቀር ኪሳራ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት እንቁጠር። ከስቶ ግን ጤነኛ የሆነ፣ አጥንተ ሰፊ ወጣት በግ ቶሎ ይመልሳል፤ ያረጀና የታመመ አይመልስም።

ለፋሲካ መሸጥ የሚሻ ሰው ሁዳዴ ከመግባቱ አንድ ወር ያህል ቀድሞ ይግዛ፤ የ55 ቀኑ ጾም ሲጨመርበት 90 ቀን ገደማ ይሞላል። በጾሙ ውስጥ ገዢ ጥቂት ነው፤ ከበዓሉ በኋላም የሚያድር በግ በየቀኑ ትርፉን ይበላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን በክልላችን በደረሰው ግጭት መንገድ ተዘግቶ ገበያ የቀረባቸው ቀናት እንደ ነበሩ ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ በጎቹን ሁሉ ለአንድ የገበያ ቀን አናዘጋጅ፤ የሚያቆይ ድርቆሽም እናከማች።

ወንድሞችና እህቶች፤ አንዲት ባል የሞተባት እናት በብድር የወሰደችው በግ ቢሞት፣ በጉ ይቀበራል፤ ዕዳው ግን ከእርሷ ጋር ይቀራል። ስለሆነም ምእመናን ለበግ መግዣ ስትሰጡ የመጀመሪያውን ወር መኖና የመድኃኒቱን ዋጋ አብራችሁ አስቡ። ሠራተኞችም በየወሩ በጎቹን መዝኑ፤ ወጪና ገቢውን መዝግቡ። መጻፍ የማይችሉ እናቶች ልጆቻቸው ይጻፉላቸው። ክብደቱ ያልጨመረ በግ ሲገኝ ምክንያቱን በዚያው ሳምንት ፈልጉ፤ እስከ በዓሉ አትጠብቁ።