«ተቀየምኩ እንጂ መቼ ተቆጣሁ?»፦ የቁጣ ቃላትን ስለ መተርጎም



ንግግሬን ራሴ በፈጸምኩት የትርጉም ስሕተት እጀምራለሁ። ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ይኖሩባት የነበረች መንደር ናት። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲወሰዱ፣ የአንዲት ጎረቤታችን አብሮ አደግም አብራ ሄደች። ከዓመታት በኋላ የዚያች ሴት ልጅ ለጎረቤታችን በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፈች፤ አማርኛ ማንበብ አትችልም ነበር። መልሱን እንድጽፍላቸው ጠሩኝና «እናትሽን ተቀይሜያታለሁ፤ ሳትሰናበተኝ ሄደች ብለህ ጻፍላት» አሉኝ። እኔም ገና ተማሪ ነበርኩና «አንግሪ» የሚለውን ቃል ጻፍኩ። ልጅቷ በሁለት መስመር ይቅርታ ጠይቃ፣ ከእንግዲህ እንደማታስቸግራቸው ገለጸች። ሳነብላቸው ደነገጡ። «እኔ መቼ ተቆጣሁ? ተቀየምኩ እንጂ!» አሉ።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ቁጣ በአማርኛ ብዙ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። አባት ልጁን ይቆጣል፤ መምህር ተማሪውን ይቆጣል። «ልጅ አባቱን ተቆጣ» ሲባል ግን ጆሯችን ይጎረብጠዋል። ንዴት «ነደደ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ በውስጥ የሚነድ እሳት ነውና ሰው በራሱም ሊናደድ ይችላል። ኩርፊያ በዝምታ የሚነገር ነው። ቅያሜ ግን ከሁሉም የሚለየው ቀድሞ የነበረ ቅርበትን ስለሚጠይቅ ነው። በመንገድ ላይ የገፈተረንን መንገደኛ «ተናደድኩበት» እንላለን እንጂ «ተቀየምኩት» አንልም። የምንቀየመው የእኔ ያልነውን ሰው ነው።

ቅያሜና ቂም ከአንድ ሥር የወጡ ቢሆኑም መንገዳቸው ይለያያል፦ ቅያሜ ይነገራል፣ ቂም ይቋጠራል። በሽምግልና የተበደለው ወገን በደሉን እንዲናገር ዕድል የሚሰጠውም ቅያሜው ወደ ቂም እንዳይሸጋገር ነው። ጎረቤታችንም ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ደብዳቤያቸው የወዳጅነት ጥሪ ነበር፤ እኔ የጠብ መልእክት አደረግሁት።

የእንግሊዝኛው ቃል «አንገር» በጥንታዊ የኖርስ ቋንቋ ኀዘንንና ጭንቀትን ያመለክት ነበር፤ ዛሬ ግን ያ ኀዘን ከትርጉሙ ወጥቷል። «ሪዘንትመንት» በፈረንሳይኛ ደግሞ መሰማት ከሚል ቃል የመጣ ስለሆነ ወደ ቂም ይጠጋል። «ሬጅ» መሠረቱ የላቲን የእብደት ቃል ነው፤ ወደ ግልፍተኝነት ይቀርባል። ለቅያሜ የሚቀርበው ምናልባት «ሀርት»፣ ማለትም ተጎዳሁ፣ ነው። እርሱም ቢሆን ስለ ቅርበቱ አይናገርም። ስለዚህ ለአንድ ቃል ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነበረብኝ፦ «እናትሽ እንደ እኅቴ ስለነበረች ሳትሰናበተኝ መሄዷ አሳዝኖኛል።»

ይህንን ዓረፍተ ነገር በሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍንላት። መልስ አልመጣም።

ከእናንተ መካከል ነገ በፍርድ ቤት፣ በሆስፒታል ወይም በስደተኞች መካከል የምታስተረጉሙ አላችሁ። ሰው «ተቀየምኩ» ሲላችሁ፣ በቃሉ ውስጥ ያለውን ቅርበት አብራችሁ አሻግሩ። በሩን ሳይዘጋ የተናገረውን ሰው፣ በሩን ዘጋ ብላችሁ አትተርጉሙበት።