ስለ መጠጥ ሕመምተኛ



በቢላ የገበያ ቀን አረቄ የጣለውን ሰው ስናይ እየሳቅን እናልፍ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን የአንድ ጓደኛችንን አጎት፣ ዘመዶቻቸው መጠጥ እንዳያገኙ ቤት በቆለፉባቸው በማግስቱ፣ ሕመም አንቀጥቅጦ ጣላቸው። ሐኪሙም፣ «ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም ሊሞት ይችላል፤ በመድኃኒት እየተረዳ ያቁም» ሲሉ አስረዱን። እስኪታከምም በባዶ ሆዱ እንዳይጠጣ፣ ሌሊትም ብቻውን እንዳይሄድ መጠበቅ ይጠቅመዋል።

እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ አክሮን ከተማ ሁለት ጠጪዎች፣ አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ ሐኪም፣ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው መጠጥን ተዉ፤ ማኅበራቸውም በዓለም ተስፋፋ። የጓደኛችን አጎትም ታክመው ዛሬ በእርሻቸው ላይ ናቸው።

እንግዲህ ከትምህርት ቤታችን ስንሰናበት ሳቁን ትተን፣ የወደቀውን ደግፈን ወደ ሐኪም እናድርስ።