ሦስት ሴክሽን፣ አንድ ሠንጠረዥ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የወላጅ ተወካዮችና የትምህርት ቤታችን አመራሮች። የተሰጠኝን ጊዜ የምጠቀምበት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ተማሪዎቻችን መረጃ በጋራ ሰብስበው፣ የየክፍላቸውን አንድ ላይ አዋሕደው፣ ትንተናውንም ራሳቸው ሠርተው እንዲማሩ ልናደርግ ይገባል።

በሂሳብ መጽሐፋችን የስታትስቲክስ ምዕራፍ አለ። ተማሪው እዚያ የሚያገኘው ቁጥር ተለቅሞና ተበጥሮ የቀረበለት ነው። አማካዩን ያሰላል፣ ግራፉን ይሠራል፣ ፈተናውንም ያልፋል። ቁጥሩን ማን ለካው? በምን ለካው? ሳይመዘገብ የቀረውስ? ይህን የሚጠይቅበት አጋጣሚ የለውም። ነገ አድጎ በዜና የሚሰማውን ቁጥርም ወይ ሳይጠይቅ ያምናል፣ ወይ ሳይጠይቅ ይጥላል። ሁለቱም እኩል ያሳስቡኛል።

የማቀርበው ሥራ ስለ ውኃ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ሦስቱ ሴክሽኖች፣ ሀ፣ ለ እና ሐ፣ ለአንድ ሳምንት በየቤታቸው በቀን የሚጠቀሙትን ውኃ ይመዝግቡ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለሚያድግ ልጅ ይህን ጉዳይ ማስረዳት አያስፈልገንም፤ የሰፈሩን የፈረቃ ቀን ከእኛ በላይ ያውቀዋል።

መሰብሰቡ ቀላል ነው። ትምህርቱ የሚጀምረው የሦስቱ ሴክሽኖች መዝገብ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነው። አንዱ በጀሪካን ጽፏል፣ አንዱ በሊትር፣ ሌላው በባልዲ። ጀሪካን 20 ሊትር ነው ብለን እናልፋለን፤ ነገር ግን ባለ 10ም ባለ 25ም ጀሪካን አለ፣ እስከ አፉ የሚሞላም ከአንገቱ በታች የሚያቆምም ሰው አለ። ከዚያ ደግሞ አንደኛው ሴክሽን የቤተሰቡን ጠቅላላ፣ ሌላው የአንድ ሰው ድርሻ መዝግቦ ይገኛል። ለሁለት ቀን የመጣ ዘመድ ከቤተሰቡ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ይህን ያልተስማሙበት ልጆች መዝገባቸውን መደመር አይችሉም።

ቀኑም የራሱ ጣጣ አለው። የካቲት 30 ቀን 2017ን 30/6/2017 ብለው ኤክሴል ላይ ቢያስገቡት፣ ቀንን ከወር አስቀድሞ የሚያነብ ኮምፒውተር በፈረንጆቹ ጁን 30 ቀን 2017 አድርጎ ይይዘዋል፤ አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለው ሲጽፉ ግን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። የሰፈር ስምም እንዲሁ ነው፤ «ሃያ ሁለት»፣ «ሀያ ሁለት» እና «22» ለእኛ አንድ ሰፈር ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት። ኮምፒውተር በሌለበት በጥቁር ሰሌዳ ላይም ቢሠራ ጥያቄው ያው ነው።

ከሁሉ በላይ እንዲያዝልኝ የምፈልገው በዜሮና በባዶ ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ነው። «0» ማለት ታይቷል፣ ያን ቀን ውኃ አልተገኘም ማለት ነው። ባዶ ቦታ ማለት ማንም አላየም ማለት ነው። ባዶውን በዜሮ የሚሞላ ልጅ ያልነበረ ጥም ይፈጥራል፤ ዜሮውን ባዶ አድርጎ የሚተው ደግሞ የነበረውን ጥም ይደብቃል።

እዚህ ላይ ለመምህራን አደራ እላለሁ፤ መዝገቡን ማታ ቤታችን ወስደን አስተካክለን አንመልስላቸው። ተከራክረው ይወስኑ፤ የወሰኑትንም ለምን እንደወሰኑ ጭምር ይጻፉት።

ይህ የልጆች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። በፈረንጆቹ 1854 ለንደን ላይ ኮሌራ ሲነሳ ሐኪሙ ጆን ስኖው የሠራው ሥራ በመሠረቱ ሁለት መዝገቦችን ማዋሐድ ነበር። አንደኛው በኮሌራ የሞቱት ሰዎች አድራሻ ነው፤ እሱን መንግሥት ይመዘግበዋል። ሁለተኛው እያንዳንዱ ቤት ከየትኛው ኩባንያ ውኃ እንደሚገዛ የሚያሳይ ነው፤ ይህን ግን ራሱ ማሰባሰብ ነበረበት። በደቡብ ለንደን የሁለት ኩባንያዎች ቧንቧ በአንድ መንገድ ስለሚያልፍ ጎረቤታሞች ከተለያየ ኩባንያ ይጠጡ ነበር። ስኖው ቤት ለቤት ዞሮ ጠየቀ። የቤቱ ሰው የኩባንያውን ስም ካላወቀ፣ ከውኃው ናሙና ወስዶ በውስጡ ባለው የጨው መጠን ለየ። መዝገቦቹ ሲገጣጠሙ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ሰባት ሳምንታት በ10,000 ቤት ሲሰላ፣ ከሳውዝዋርክና ቮክስሆል ኩባንያ ደንበኞች 315፣ ከላምቤዝ ኩባንያ ደንበኞች ግን 37 ሰው መሞቱ ታየ። ላምቤዝ ከሁለት ዓመት በፊት መቅጃውን የከተማው ፍሳሽ ወደማይደርስበት የቴምዝ ወንዝ ክፍል አዛውሮ ነበር። ኮሌራ በውኃ እንደሚተላለፍ አብዛኛው ሐኪም ገና ባልተቀበለበት ዘመን፣ እውነቱ የተገኘው ሁለት ሠንጠረዦች በትዕግሥት ሲገናኙ ነው።

ወደ እኛው ልመለስ። አምስት ቤቶች በሰው በቀን 12፣ 15፣ 18፣ 20 እና 135 ሊትር ተጠቀሙ እንበል። አማካዩ 40 ሊትር ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተያዘው ግብ ለገጠር በሰው በቀን 25 ሊትር፣ ለከተሞች እንደ ደረጃቸው ከ40 እስከ 100 ሊትር ነበር። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው የታችኛውን የከተማ ግብ አሟልተናል ሊል ይችላል። ከአምስቱ ቤቶች አራቱ ግን የገጠሩን ግብ እንኳ አልደረሱም። ሚዲያኑ 18 ነው። ግቢው ውስጥ ሮቶ የተከለ አንድ ቤት የአራቱን ችግር ሸፈነው። ይህን በራሱ ሰፈር ቁጥር ያየ ልጅ በአማካይና በሚዲያን መካከል ያለውን ልዩነት ዕድሜውን ሁሉ አይረሳውም።

ጊዜ የለንም እንደምትሉ አውቃለሁ። ምዕራፉ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ አስቀድሞ ስላለ ሥራው በዚያው ክፍለ ጊዜ ይገባል።

ወላጆች፣ ለእናንተ የምለው ሌላ ነው። የቤት ውኃ የቤት ገመና ነው። አንዱ ልጅ በብር ገዝቶ ይጠጣል፣ የሌላው ቧንቧ ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ የልጅም የወላጅም ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ይኖራል። የትኛው ቁጥር የየትኛው ልጅ እንደሆነ ለሌላ ተማሪ አይነገርም፤ ሰፈርም ቢሆን ከአንድ ሰፈር አንድ ልጅ ብቻ ካለ ከሰፊው ክልል ጋር ይጠቃለላል። ቤተሰቡ ካልፈለገ ልጁ ሳይመዘግብ በማዋሐዱና በትንተናው ይሳተፋል፤ ውጤትም አይቀነስበትም።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። የኬሚስትሪ ክፍል የሊትር መለኪያዎቹን ለአንድ ሳምንት ያውሰን፤ እያንዳንዱ ልጅ የቤቱን ጀሪካን ስንት እንደሚይዝ መጀመሪያ ለክቶ ይወቅ። የአማርኛ መምህራን የሰፈሮቹን ስም በምን ፊደል እንደምንጽፍ ከተማሪዎቹ ጋር ተስማምተው አንድ ዝርዝር ያውጡልን። የመመዝገቢያውን ቅጽ ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ፤ አሁን ላድላችሁና አስተያየታችሁን ልስማ።