ቤትና ስልክ የሚሰጡን ግማሽ ትምህርት
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ ወጣቱ ለአካባቢው የሚያደርገው ጥንቃቄ ከየት ይመነጫል የሚል ነው። ከቤተሰብ ነውን? ወይስ ሌት ተቀን ከእጃችን ከማይለየው ስልክ? እኔ እንደሚመስለኝ ከሁለቱም ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚሰጡን ትምህርት ግማሽ ነው። የቀረውን ግማሽ የመሙላት ዕዳ በእኛ ላይ ወድቋል።

በመጀመሪያ ቤትን እንመልከት። ከእናቶቻችን መካከል «የአካባቢ ጥበቃ» የሚለውን ቃል ሰምተው የማያውቁ ብዙዎች ናቸው። ሆኖም የጠላው አተላ ለከብት ይሰጣል፤ የቡናው አተላ ከጓሮው ጎመን ሥር ይደፋል፤ የዘይቱ ጀሪካን የውኃ መቅጃ ይሆናል፤ አሮጌው ጫማና የተሰበረው ብረት ቆራሌው እስኪመጣ ድረስ ይቀመጣል። ልጅም ይህን ሁሉ ማንም ሳይነግረው በዓይኑና በእጁ ይማረዋል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ዙሪያው ሁሉ ተራቁቶ ሳለ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ቆሞ የምናየው፣ «ከዚህ ዛፍ አይቆረጥም» የሚለው ቃል ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ስለ ተላለፈ ነው።

ይሁን እንጂ ቤትን ማሞገስ ብቻ እውነቱን መሸፈን ይሆናል። ይህ ቁጠባ በአብዛኛው የተወለደው ከእጦት ነው፤ እጦቱ ሲቀር ልማዱም አብሮት ይቀራል። ትናንት ዘንቢል ይዞ ገበያ ይወርድ የነበረው ቤተሰብ፣ ፌስታል እንደ ልብ ሲያገኝ ዘንቢሉን ሰቀለው። ደግሞም ያው ቤት ግቢውን ጠዋት ማታ እየጠረገ፣ ጥራጊውን ከአጥር ውጭ ወይም ከወንዝ ዳር የሚደፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጁም «ቆሻሻ ከአጥራችን ከወጣ የእኛ አይደለም» የሚለውን ትምህርት ይቀበላል። የዚህን ትምህርት ፍሬ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ቆሼ በሚባለው ስፍራ አየነው፤ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በእነዚያ ሰዎች ላይ የወረደው፣ እያንዳንዱ ቤት ከአጥሩ አውጥቶ የረሳው ነገር ነበር።

ስልክስ? ስልክ ቤት ያልነገረንን ምክንያት ይነግረናል። ከታረደች ላም ሆድ ፌስታል ሲወጣ በስልኩ ያየ ወጣት ነገሩን በቀላሉ አይረሳውም። ክብርም ይሰጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. መንግሥት በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን ባስታወቀ ጊዜ፣ ፌስቡኩ ችግኝ በያዙ ወጣቶች ፎቶግራፍ ተሞልቶ ነበር። አፈር መንካትን እንደ ውርደት ይቆጥር የነበረ የከተማ ልጅ አካፋ ይዞ መታየትን ሲኮራበት ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ፎቶግራፉ የሚነሣው በተከላው ቀን ነው። ችግኝ ደግሞ ከሐምሌ ይልቅ በጥርና በየካቲት ፀሐይ ይሞታል፤ በዚያን ጊዜ ውኃ ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው የሚያጨበጭብለት የለም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ነው። በዚያው ስልክ ላይ ከችግኙ ፎቶግራፍ ቀጥሎ የአዲስ ልብስና የአዲስ ስልክ ማስታወቂያ ይከተላል፤ ጠግኖ መልበስ የድሃ ምልክት ነው የሚል ስብከትም በዝምታ ይገባናል።

ሕግ ይበቃል የሚል ይኖር ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቀጭን ፌስታልን ገድቦ ነበር፤ ፌስታሉ ግን ከሱቅ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ይህም የፊተኛው ዕድል እንዳይደርሰው ከተፈለገ፣ ሕጉ ልማድ መሆን አለበት።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ችግኝ ተክሎ ፎቶግራፉን የለጠፈ ሁሉ፣ ያንኑ ችግኝ በሚያዝያ ሄዶ ያንሣው፤ ጸድቆም ቢሆን ደርቆም ቢሆን ሳይደብቅ ይለጥፈው። መምህራኖቻችንም የጸደቀውንና የደረቀውን እየቈጠርን ምክንያቱን እንድንመረምር ቢያደርጉን፣ ከብዙ መጽሐፍ የማናገኘውን ትምህርት እናገኝበታለን። ሁለተኛ፣ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ለእናቶቻችን ንግግር ከማድረግ ይልቅ፣ የተሰቀለውን ዘንቢል አውርደን እኛው ገበያ እንውረድ። ሦስተኛ፣ ከመኝታ ቤቶቻችን ደጅ የሚጣለውን የውኃ ፕላስቲክ ኅብረታችን አሰባስቦ ለሚገዙት ይሽጥ፤ ገንዘቡም ችግኝ ለሚያጠጡት ይዋል።

ወዳጆቼ ሆይ፤ እኛም በጊዜው እናትና አባት እንሆናለን። ያን ጊዜ ልጆቻችን ከሁሉ አስቀድመው የሚመለከቱት እጃችንን ነው፤ እጃችን የሚሠራውንም ያለ ምክንያት እንዳይቀበሉ፣ ምክንያቱን ከአሁኑ እንወቀው።