ስምን መልአክ ያወጣዋል ስለ መባሉ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

የኢዮቤልዩው በዓል አዘጋጆች ስለ ደብራችን አንድ ነገር እንድናገር ጠይቀውኛል። ስለ ሕንፃውና ስለ ንዋያተ ቅድሳቱ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ አባቶች እዚሁ ተቀምጠዋል። እኔ ግን ብዙ ዘመን በእጄ የጻፍሁት የክርስትና መዝገብ ስላለ፥ ከእርሱ ያየሁትን ጥቂት ልናገር ወድጃለሁ።

በዚያ መዝገብ ሁለት ስም ጐን ለጐን ይጻፋል። ወንድ በአርባ ቀን ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ፥ ካህኑ ገብረ ማርያም፥ ወልደ ሚካኤል፥ ወለተ ጊዮርጊስ፥ አመተ ሥላሴ እያለ ከአምላክና ከቅዱሳን ጋር አስተሳስሮ ይሰይማቸዋል። ሰው በዚህ ስም ይቈርባል፥ በዚህ ስም ንስሐ ይገባል፥ በፍትሐቱም ቀን የሚጠራው በዚሁ ነው። ሁለተኛው እናትና አባት ያወጡት ነው፤ በገበያና በችሎት፥ በትምህርት ቤትና በቀበሌ የሚሰማው እርሱ ነው። እቴጌ ጣይቱ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል እንደ ነበሩ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ጣይቱን ግን ሕፃን ሁሉ ያውቃታል። ስለ ክርስትናው ስም ክርክር ሲነሣ አይቼ አላውቅም። ሰው የሚከራከረው፥ የሚስቀውም፥ የሚያማትበውም በሁለተኛው ላይ ነው።

ባላገራችን ለልጁ ስም ሲያወጣ የደረሰበትን ነገር ይናገርበታል። ልጅ ሞቶበት ሌላ የወለደ ምትኩ፥ ተካልኝ፥ ማስረሻ ይላል። ካሳ የሚለውም ስም ከዚሁ ወገን ነው፤ ለጠፋው የሚከፈል ምትክ ማለት ነውና። በዚህች በደብረ ታቦር ተቀምጠው ከገዙት ነገሥታት ሁለቱ፥ አፄ ቴዎድሮስና አፄ ዮሐንስ አራተኛ፥ ሳይነግሡ በፊት ካሳ ይባሉ ነበረ። የኀዘን ጠባሳ ያለበት ስም ወደ ዙፋን እንዳይወጡ አልከለከላቸውም።

ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ። በፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ እንደሚነሣና በዘመኑ ሰላም እንደሚሆን ተነግሮ ነበርና፥ ስሙ ሲጠበቅ የኖረ ስም ነበረ። እናታቸውን ኮሶ ሻጭ እያሉ ለሚሰድቡ ሰዎች ግን እንዲህ ያለውን ስም መሸከማቸው ድፍረት መስሎ ሳይታይ አልቀረም። እርሳቸውም ከእቴጌ ጥሩወርቅ የወለዱትን ልጅ ዓለማየሁ አሉት። ይህንን ስም ማንም አይነቅፈውም፤ ያማረ ስም ነው። ዓለም በአማርኛችን ደስታም ነው፥ ይህች ሰፊይቱ ምድርም ናት። አባት ደስታን አየሁ ብሎ ያወጣውን ስም ልጁ በሌላው ፍቺ ፈጸመው፤ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በኋላ በሰባት ዓመቱ ባሕር አሻግረው ወደ እንግሊዝ አገር ወሰዱት፥ በኅዳር 1872 ዓ.ም. ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ በሊድስ ከተማ ዐረፈ። በዊንዘር ተቀበረ፤ አጽሙም እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ግን ከዚህ የምማረው ሌላ ነው። ያማረው ስም ሕፃኑን ከባዕድ አገር መቃብር አላዳነውም፤ የከበደውም ስም ካሳን ከዘውድ አልከለከለውም። እንግዲያውስ አንድ ስም በጆሮአችን ስለ ከበደ ልጁ ይከፋበታል ብለን የምንፈራው ፍርሃት ከምን የመጣ ነው? (የመልአኩን ተረት ሐሰት ነው አላልሁም። በከተማችን የምንዘምመው ዝማሜ የወጣው ከአለቃ ገብረ ሐና ነው፤ የሚጠራው ግን በልጃቸው ስም ተክሌ ተብሎ ነው። አባት ደክሞ ስሙ ለልጅ ሲሆን፥ መልአክም ባይሆን አንድ ነገር አለበት።)

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። እናቴ ጣለው ብላ ሰየመችኝ። ከእኔ በፊት ሦስት ልጆች ሞተውባት ነበርና፥ እኔ በተወለድሁ ጊዜ አዋላጇ አቅፋ ከደጅ አውጥታ ከአመዱ አጠገብ አኖረችኝ፤ ነገሩ አስቀድሞ የተነገራት ጐረቤት አንሥታ የወደቀ ልጅ አገኘሁ ብላ ለእናቴ መልሳ ሰጠቻት። የተጣለውን ልጅ ሞት አይመኘውም ማለት ነው።

ወደ ቅኔ ቤት በገባሁ ጊዜ የኔታ ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። «ማን ነው የጣለህ?» አሉኝ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክርስትና ስሜ ብቻ ተጠራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበረ። የቅኔ ተማሪ የሰው ስም ሲሰማ ወርቁን ሳይፈልግ አያልፍም፤ የእኔን ስም ወርቅ ግን ያን ጊዜ ማንም አልፈለገውም፥ እኔም አልፈለግሁትም። በዓመቱ እናቴ በሶና ቈሎ ይዛልኝ የሁለት ቀን መንገድ በእግርዋ መጣች። ከአጥሩ ውጭ ቆማ ጣለው ብላ ተጣራች። ጓደኞቼ ከአጠገቤ ስለ ነበሩ እንዳልሰማ ሆንሁ። ሁለተኛ ጠራችኝ። ሦስተኛ አልጠራችም፤ ስንቁን ከአጥሩ ሥር አኑራ ተመለሰች።

ሊቃውንት ይህን የመሰለውን የስም ልማድ እንደማይወዱት አውቃለሁ። ዮሐንስ አፈ ወርቅ የመጀመሪያይቱን የቆሮንቶስ መልእክት ሲተረጕም በዘመኑ ስለ ነበረ ልማድ ይወቅሳል። ሰዎች ልጅ ሲወለድላቸው ብዙ መብራት አብርተው ለየመብራቱ ስም ይሰጡ ነበረ፤ ሳይጠፋ የቈየውን መብራት ስም፥ ልጁም እንደ መብራቱ ዕድሜው ይረዝማል ብለው፥ ለልጁ ያወጡለት ነበረ። ሊቁ በመብራት ከመጠንቈል ይልቅ እንደ ቀደሙት ሰዎች በቅዱሳን ስም ሰይሙ ይላል። ነገሩ እውነት ነው፤ ለተማሪዎቼም አስተምረዋለሁ። ሞትን በስም ማታለል አይቻልም። ነገር ግን የኔታ ያን ቀን አፈ ወርቅን አልጠቀሱልኝም፤ ሳቁብኝ እንጂ። ተግሣጽና ሳቅ አንድ አይደሉም። ተግሣጽ እናቲቱን ተቀምጦ ያነጋግራል፤ ሳቅ የሚያርፈው በልጁ ላይ ነው።

ይህን ስል ስምን ሁሉ መከላከሌ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ልጅን ከክፉ ዐይን ለመከለል ባሪያው ብለው የሚሰይሙ ነበሩ። የእኔ እናት የራስዋን ልጅ ጣለች እንጂ የሌላዪቱን ልጅ አልሰደበችም። ባሪያው የሚለው ስም ግን የሌላውን ሰው መከራ ለራስ ልጅ መጠለያ ያደርጋል፤ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ የተሻረ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን፥ ያን ስም ሰምቶ አንገቱን የሚደፋ ሰው በመካከላችን ስላለ መተው ይገባዋል። የባዕድ ስም አወጡ ተብለው ስለሚታሙት ወጣቶች ግን ብዙ አልልም፤ ጊዮርጊስ በግሪክ ቋንቋ ገበሬ ማለት ነው፥ ቴዎድሮስም የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው፤ ሁለቱም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው።

ወደ ተነሣሁበት ወደ መዝገቡ ልመለስ። ጦርነቱ በነበረበት በ2014 ዓ.ም. በጥር ወር፥ ከቤት ንብረትዋ ተፈናቅላ ወደ ከተማችን የመጣች አንዲት እናት ሴት ልጅዋን ለሰማንያ ቀን ክርስትና ይዛ መጣች። ካህኑ ወለተ ማርያም አሉአት። እኔም ብዕሬን ይዤ «የዓለም ስምዋስ ማን ይባላል?» አልሁ።

«ስደት፥ የኔታ» አለችኝ።

በዙሪያ የቆሙት አጕረመረሙ። አንዲት አሮጊት አማተቡና «በልጅ ላይ መከራ ይለጠፋል? ኧረ እግዜር ያውጣሽ!» አሉ። የክርስትና እናቲቱም ይቅር በይ፥ ሌላ አውጪ እያለች ትጐተጕታት ጀመር። እኔም እንደ ዐዋቂ ሆኜ ገባሁበት። ራሔል ነፍስዋ ስትወጣ ልጅዋን ቤንኦኒ፥ የኀዘኔ ልጅ፥ ብላው ሳለ ያዕቆብ ብንያም እንዳለው ነገርኋት። «ልጄ፥ ስደት ያልፋል፤ ስም ግን አያልፍም። ሰላም ብለን እንጻፋት» አልኋት። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም «እርስዎ እንዳሉ፥ የኔታ» አለች። ሰላም ብዬ ጻፍሁ፤ ሁሉም ደስ አለው፥ አሮጊቲቱም እልል አሉ።

በዚያው ዓመት ሰኔ 30 ቀን፥ በመጥምቁ ዮሐንስ ልደት፥ እንደ ልማዴ ወንጌሉን ላስተምር ቆምሁ። ታሪኩን ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። ልጁ በስምንተኛው ቀን ሊገረዝ ጐረቤትና ዘመድ ተሰበሰቡ፥ በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ወደዱ፤ ኤልሳቤጥ እንቢ ብላ ዮሐንስ ይባል አለች። ከወገንሽ በዚህ ስም የተጠራ የለም ብለው ከእርስዋ አልፈው አባቱን በጥቅሻ ጠየቁት፤ እርሱ ሰሌዳ ለምኖ ያንኑ ጻፈ፥ አፉም ተከፈተ። ይህን ክፍል ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ሁል ጊዜም በነዚያ ጐረቤቶች እፈርድባቸው ነበረ። በዚያ ቀን ግን ዘካርያስ ሰሌዳ ለመነ ስል የራሴ መዝገብ ትዝ አለኝና ቃሉ ተቈረጠብኝ። ምእመናኑ የደከመኝ መሰላቸው። ዘካርያስ የእናቲቱን ቃል ጻፈ፤ እኔ የጐረቤቱን ጻፍሁ። ያዕቆብንም ያለ ቦታው ጠቅሼዋለሁ፤ እርሱ አባት ነበረ፥ ራሔልንም በመንገድ የቀበረ እርሱ ነበረ። እኔ ምኗ ነበርሁ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን የልጁን ስም አባት እንዲያወጣ፥ እናትም ሁለተኛ ስም እንድትጨምር ፈቀደ እንጂ፥ ለመዝገብ ጸሐፊ የሰጠው ድርሻ የለም።

እናቲቱን ፈልጌ አገኘኋት። ስለምን ያን ስም እንዳወጣች ጠየቅኋት።

«በጽጌ ነው የወለድኋት፥ የኔታ» አለችኝ። «ሌሊት ሌሊት ስንጓዝ እመቤቴም ልጅዋን ታቅፋ እንዲህ ሄዳለች እያልሁ ነው የመጣሁት። የእርስዋን መታሰቢያ ብዬ ነው።»

አባቶቼ ሆይ፥ እኛ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን አርባውን ቀን ዘመነ ጽጌ ብለን፥ እመቤታችን ከልጅዋ ጋር ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን እያሰብን በማኅሌት የምናድር ነን። በዚያ በጥቅምት ወር እኛ ከበሮና ጸናጽል ይዘን ስደትዋን ስናመሰግን፥ ይህች ሴት በመንገድ ላይ ነበረች። የስሙን ወርቅ እርስዋ አግኝታዋለች፤ በቅኔ ቤት ያረጀሁት እኔ ሰሙን ብቻ ሰምቼ ደነገጥሁ።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«አልጠየቁኝም» አለችኝ።

እናቴ በሕይወት የለችም። ጣለው ብሎ የሚጠራኝም ሰው ዛሬ የለም።

እናቲቱን አስፈቅጄ ወደ መዝገቡ ተመለስሁ። የተጻፈ አይፋቅምና ሰላም የሚለውን አልነካሁትም፤ ከአጠገቡ በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም ስደት ብዬ ጻፍሁበት። የደብሩ አለቃ መዝገቡን ሲመረምሩ፥ ቀይ ቀለም ለአምላክና ለእመቤታችን፥ ለቅዱሳንም ስም ነው፥ ይህን ስለ ምን በቀይ ጻፍኸው? ብለው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው፤ ዝም ብለው ቅጠሉን ገለበጡ።

ልጅቱ ዛሬ በእግርዋ እየመጣች ጠበል ትጠጣለች። በግቢው ልጆቹ ሰላም ይሉአታል፥ እናትዋ ከበሩ ቆማ ስደት ብላ ትጠራታለች። ለሁለቱም አቤት ትላለች።