የመሰናበቻው ምሽትና ረዥሙ ኦቶሞቢል

(በ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ጕዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይኸውም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በመሰናበቻው ምሽት ወደ አዳራሹ በምን እንሂድ? የሚል ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት ሦስት ሳምንታት ከመልቀቂያው ፈተና ይልቅ ያወያየን፥ አንዳንዶቻችንንም ያኳረፈን ይኸው ጕዳይ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ደቂቃ ታግሣችሁ እንድታዳምጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስምንት ስምንት ሆነን ለሠርግ የሚከራየውን ረዥም ኦቶሞቢል፥ ማለት ሊሞዚን፥ እንከራይ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በአባታችን መኪና እንመጣለን ብለዋል። ዝም ያሉም አሉ። እኔ የቆምሁት ይልቁንም ስለ ዝምተኞቹ ለመናገር ነው።

ልማዱ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እዚያ «ፕሮም» ይሉታል፤ «ፕሮምናድ» ከሚለው ቃል ያጠረ ሲሆን ትርጓሜውም በዝግታና በክብር መራመድ ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በኮሌጆች ተጀምሮ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወረደ። እንግዲህ ስሙ ራሱ የሚናገረው ስለ እግር ነው እንጂ ስለ መንኰራኵር አይደለም። (ይህን ያልሁት ሁላችን በእግር እንሂድ ለማለት አይደለም፤ እኅቶቻችን ለዚያ ምሽት ያዘጋጁትን ጫማ አይቻለሁ።) ልማዱ ወደ እንግሊዝ አገርም ተሻግሮ፥ በዚያ አንዳንዱ በፈረስ ሠረገላ፥ አንዳንዱ በአሮጌ የእሳት አደጋ መኪና፥ የገበሬውም ልጅ በአባቱ ትራክተር ተቀምጦ ይመጣል። ከሁሉም እኔን ደስ ያሰኘኝ ባለትራክተሩ ነው፤ የራሱን ይዞ መጥቷልና።

ሊሞዚን የሚለው ስም ሊሙዛን ከሚባለው የፈረንሳይ አውራጃ የመጣ ነው። ኦቶሞቢልን ከመካከሉ ቈርጦ ማስረዘም ግን በአሜሪካ፥ በአርካንሳስ ግዛት፥ ፎርት ስሚዝ በምትባል ከተማ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ ሥራ ነው። እነዚያም መኪናዎች የሙዚቃ ጓዶችን ከነመሣሪያቸው ከከተማ ወደ ከተማ ያመላልሱ ነበር። ስለዚህ መኪናው የረዘመው ብዙ ሰው በአንድነት እንዲይዝ ነበር። እኛ ዛሬ የምንፈልገው ስምንቱን ከቀሩት ለመለየት መሆኑ ያስገርማል።

በአገራችንም ቢሆን በክብር ቀን በጥሩ መጓጓዣ መሄድ አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ሠርግ ሲጠሩ በቅሎ የሌለው ካለው ይዋስ ነበር። «በቅሎህን አውሰኝ» ማለት ነውር አልነበረም፤ እንዲያውም የጉርብትና ምልክት ነበር። በኪራይ ግን እንዲህ ያለ ወግ የለም። ገንዘብ ያለው ይሳፈራል፥ የሌለው ይቀራል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ ነገር ግን ወላጆች ባሉበት መነገር ይገባዋል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በኦክቶበር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፥ በእኛ መስከረም 26 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት 17 ወዳጆችና ዘመዳሞች የልደት በዓል ለማክበር አንድ የተራዘመ ኦቶሞቢል ተከራይተው ይጓዙ ነበር። የተከራዩትም የጠጣ ሰው መሪ እንዳይዝ በማለት ነው፤ አሳባቸው የጥንቁቅ ሰው አሳብ ነበር። ስኮሃሪ በምትባለው ስፍራ መኪናው ቍልቍለቱን ሲወርድ ፍሬኑ እንቢ አለ። የመንገዱን መጋጠሚያ ጥሶ አልፎ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገባና ከአንድ ገደል ወደቀ። 17ቱ ተሳፋሪዎችና ነጂው፥ እንዲሁም በስፍራው የነበሩ 2 እግረኞች፥ በጠቅላላው 20 ሰዎች ሞቱ። አራቱ እኅትማማቾች ነበሩ።

በኋላ ሲመረመር ያ መኪና ከአንድ ወር በፊት ተፈትሾ ከአገልግሎት እንዲወጣ የታዘዘ ሆኖ ተገኘ። ነጂውም ለዚያ ዓይነት መኪና የሚያስፈልገው መንጃ ፈቃድ አልነበረውም። የአከራዩ ድርጅት ኀላፊ በ2023 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሰው ሕይወት ማጥፋት ወንጀል ተፈርዶበት ከ5 እስከ 15 ዓመት እስራት ተቀጣ። ተከራዮቹ ይህን ሁሉ ከየት ይወቁት? ያዩት ነጭ ቀለምና ምቹ ወንበር ነው።

እዚህ ላይ የመኪናውን ነገር ጥቂት ላስረዳ። አንድ ኦቶሞቢል ተቈርጦ ሲረዝም ብረት ይጨመርበታል፥ ብዙ ሰውም ይጫንበታል፤ ስለዚህ ለማቆም የሚያስፈልገው ኀይል ከቀድሞው ይበልጣል። ፍሬኑ በዚያው ልክ ካልተጠናከረና በየጊዜው ካልታየ በሜዳ ላይ የማይታወቅ ጕድለት በቍልቍለት ይገለጣል። ወንበሮቹም በግድግዳው በኩል ጐን ለጐን ስለሚዘረጉ ተሳፋሪዎች እንደ ሳሎን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ የደኅንነት ቀበቶ ማሰሩን የሚያስታውስ የለም። አዲስ አበባ ደግሞ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ድረስ የምትወርድ የቍልቍለት ከተማ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን።

«የእኛዎቹ መኪናዎች እንደዚያ አይደሉም» የሚል ይኖራል። ይሆናል። ግን ቀብድ ከመክፈላችን በፊት የጠየቀ ማነው? የዓመቱን ምርመራ ማለፉን የሚያሳየው ቦሎ ተለጥፎበታልን? መድኑስ ጊዜው አላለፈምን? ነጂው ምን ዓይነት ፈቃድ አለው? ውሉ ላይ መኪናው ቢበላሽ በምትኩ ምን እንደሚመጣ ተጽፎአልን? ከዚህም በላይ የእኛ ምሽት የሚውለው በሠርግ ወራት፥ በቅዳሜ ቀን ነው። ከማለዳ ጀምሮ ሙሽራ ሲያመላልስ የዋለ ነጂ ማታ እኛን ለመውሰድ ቢመጣ፥ በዓይኑ ላይ ያለውን እንቅልፍ አበባው አይሸፍነውም። እኛ 93 ነን፤ በስምንት ሲካፈል 12 ረዥም ኦቶሞቢል ያስፈልጋል። በሠርግ ቅዳሜ 12 ደኅና መኪናና 12 ያልደከመ ነጂ የሚያገኝ ካለ ይንገረኝ።

አሁን ወደ ዝምተኞቹ ልመለስ። አንድ ጓደኛችን፥ በትምህርቱም ከፊተኞቹ የሚቈጠር፥ «ያን ቀን ዘመድ ልጠይቅ ወደ ክፍለ ሀገር እሄዳለሁ» አለኝ። ዘመዱ ማን እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም። ሌላዋም እናቴ አልፈቀደችልኝም ብላለች፤ እናትዋ ግን ከሁላችን በፊት ፈቅደው እንደ ነበር አውቃለሁ። አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ጥቍር ሰሌዳ ፊት ተቀምጠን፥ አንዱ የሌላውን ደብተር ተውሰን ተምረን ሳለ፥ በመጨረሻው ምሽት በር ላይ ማን በምን ወረደ እየተባለ ሲታይ መቆም የማይፈልግ ሰው ቢቀር ይፈረድበታልን? «ከማን አንሼ» የሚለው አነጋገር ያለውን ያስበድራል፤ የሌለውን ደግሞ ከቤቱ ያስቀራል። በሉቃስ ወንጌል 14ኛ ምዕራፍ ግብዣ ላይ የከበሬታ ስፍራ ስለሚመርጡት የተነገረውን በማለዳ ጸሎታችን ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ በዚያ ዘመን ግን ሰው የሚሽቀዳደመው ቢያንስ ለመቀመጫው ነበር፥ ለአመጣጡ አልነበረም።

ስለዚህ እኔና አብረውኝ ያሉት የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ለ93ታችንና ለመምህራኖቻችን የሚበቁ አራት ኮስተሮች እንከራይ። ሁላችንም፥ ባለመኪናዎችም ጭምር፥ ልብሳችንን ለብሰን ከምሽቱ 12 ሰዓት እዚሁ ትምህርት ቤታችን ግቢ እንሰብሰብና አብረን እንነሣ። ሲመለሱ አራቱ በአራት አቅጣጫ ይሂዱ፤ አንዱ በኮተቤ፥ አንዱ በሳሪስ፥ አንዱ በአየር ጤና፥ አንዱ በጉለሌ በኩል። በእያንዳንዱ አንድ መምህር ይቀመጥ፤ ማንም ተማሪ፥ በተለይም እኅቶቻችን፥ ከሰፈር መግቢያ ላይ ሳይሆን ከቤቱ በር ይውረድ። ለእኔ ከመሄዱ ይልቅ መመለሱ ያሳስበኛል፤ ስንሄድ ፀሐይ አለ፥ ፎቶግራፍ አንሺም አለ፤ ስንመለስ ጨለማ ብቻ ነው።

ስለ ፎቶግራፉ የሚጨነቁ ጓደኞቼ ተቈጥተው እንደሚያዩኝ አያለሁ። ምሽቱ በዕድሜ አንድ ጊዜ የሚመጣ መሆኑን አልክድም፥ ማማርንም አልጠላም። ኮስተሮቹን እንደ ሙሽራ መኪና በአበባና በሪባን እናስጊጣቸው፤ የሥነ ጥበብ ክበብ ይህን ሥራ በደስታ ተቀብሎአል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለምን?

ገንዘቡን በሚመለከት አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። የክፍያው መዝገብ በአንድ መምህር እጅ ብቻ ይሁን፤ ማን ምን ያህል እንደ ከፈለ፥ ማንስ እንዳልከፈለ ከእርሳቸው በቀር አንድም ተማሪ አይወቅ። የክፍል አለቃም ቢሆን። ችሎታ ያላቸው ወላጆች ከድርሻቸው በላይ መጨመር ቢወዱ ለዚሁ መምህር ይስጡ፥ ስማቸውም አይነበብ። ይህ ካልሆነ ግን ኮስተሩም ሊሞዚን ይሆንብናል።

የመመለሻው ሰዓት ገና አልተቈረጠም። ከምሽቱ 5 ሰዓት ይሁን የምንል እኛ ነን፤ 4 ሰዓት ይበቃል የሚሉ ወላጆችም በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል፤ ዛሬ ከመለያየታችን በፊት ቢወስኑልን ነገ ጧት ለአከራዮቹ መንገር እንችላለን። የአራቱን መኪናዎች ወረቀት ለማየት ሦስት ተማሪዎችና አንድ የመካኒክ ሙያ ያላቸው አባት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይሄዳሉ። የመሳፈሪያ ስም መጻፊያው ከቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል፤ ሰፈራችሁንም አብራችሁ ጻፉ። ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄደው ጓደኛችንም ጕዞውን ቢያዘገይልን በሳሪሱ ኮስተር ከእኔ አጠገብ አንድ ወንበር ይዤለታለሁ።